ለአልሲድ፣ ስለ አስራ አምስቱ

አልሲድ፣
ደብዳቤው ደረሰኝ፤ ያው ሰማያዊው ፖስታ፣
ኅዳር በገባ ቁጥር የሚያንቀጠቅጠኝ እንደ ወባ በሽታ።
ሳልከፍተው ቆየሁ፣ ከሾርባው ድስት አጠገብ ጥዬው፣
እየተሳደብኩ፣ እንዳላየ ሆኜ ዞሬ እያየሁ ሳላየው።

በኋላ ቀደድኩት።
አረቦኑ ወርዷል። ከመቶው አስራ አምስት።
መነጽሬን ወልውዬ እንደገና ቆጠርኩት፣
ሦስተኛውን ጊዜ ለድመቷ አነበብኩት።

የመጀመሪያው ስብሰባ ትዝ ይልሃል?
የእሳት አደጋ መኪናው ጋራዥ ውስጥ፣
ሃያ ሦስት ወንበር፣ ሰባት ሰው፣ አንድ የሚያንኮራፋ ውሻ።
ቨርሊን ካርታዋን ስትዘረጋ አንተ ከኋላ
«ይሄ ውሃ መውቀጥ ነው» አልክ፤ ሁላችን ሳቅን።
እሷ አልሳቀችም። በማግስቱ ደብተር ገዛች፣
ቤት ለቤት እየዞረች የወለላችንን ከፍታ ለክታ ጻፈች፤
የማን ቦይ መቼ እንደተጠረገ፣ የማን ቱቦ በቅጠል እንደታፈነ፣
የአዛውንቱ ዳኦ የሽሪምፕ መረብ ለቱቦው ወንፊት እንደሆነ።
ፎቶ፣ ቀን፣ ፊርማ። «ያልተጻፈ ሥራ ያልተሠራ ነው።»
ልክ ነበረች፤ ከመንግሥት የመጣው ሰውዬ
ጭቃችንን ሳይሆን ወረቀታችንን ነው ያየው።

ነጥብ ይሰጣል፣ እንደ ትምህርት ቤት፦
ለቦዩ ይህን ያህል፣ ለማንቂያው ደወል ይህን ያህል፣
ምሰሶ ላይ ለወጣ ቤት ደግሞ ሌላ ይጨምራል፤
ሲደመር ከተማው አንድ ክፍል ያልፋል፣
ክፍል ባለፈ ቁጥር የሁላችን አረቦን በአምስት ይጎድላል።
ፖርት ሴሌስት በሽምግልናዋ ሦስት ክፍል አለፈች።

ግን ከሁሉም የከበደው ነጥብ ከቦይ አልመጣም፤
ቨርሊን ስታነበው ድምጿ ሰለለ፣ ቀና ብላ አላየችንም።
«ለክፍት ቦታ» ይላል።
ክፍት ቦታ።
ያ ያንተ ቤት ነው።

በሃያ ዓመት አራቴ የዋኘው፣
አባትህ ከጀልባ ሳንቃ የገጠመው፤
የጭቃው መስመር፣ እንደ ልጅ ቁመት፣ ግድግዳው ላይ የተሰመረበት፦
ይህ ሎሬን የተወለደች ጊዜ፣ ይህ እናትህ የሞተች ለት።
ከተማው ገዛህ። ፈረምክ፤ እስክሪብቶውን ለጸሐፊዋ መለስክ፣
ቁልፉን ግን ኪስህ ከተህ ወደ ሽሪቭፖርት ተሻገርክ።
ኤክስካቫተሩ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።

ወንዝ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤
የኛው ግን ዘንድሮ ማደሪያ አግኝቷል።
መጋቢት ላይ ሲሞላ መስኮቴ ሥር ቆሜ ጠበቅኩት፤
እንደ ሌባ አልመጣም፣
በሬንም አላንኳኳም።
ወደ አንተ ግቢ ጎራ አለ፣ ቤቱን እንደሚያውቅ እንግዳ፣
ግንዱን ከፔካኑ ዛፍ አስደግፎ ሳሩ ላይ ተጋደመ፤
ሦስት ሌሊት አድሮ ወጣ፣ ያለ ጥፋት ያለ ዕዳ።
ምድጃህ በነበረበት እንቁራሪት ይጮህ ነበር፣
አልጋህ በነበረበት አንድ ነጭ ሳቢሳ ቆሞ ሲያድር።

ወለሌ ደረቅ ነው። ምንጣፌ አልሸተተም።
አርብ ዕለት ለደስታው ዓሣ ይጠበሳል፤
ዳኦ ለሁለተኛ ፓምፕ ከአሁኑ መዋጮ ይጠይቃል፤
ቨርሊን ሌላ ደብተር ገዝታለች፣
«ቦዩን አንድ ዓመት ብንረሳው ክፍል እንደግማለን» ትላለች።

እኔ ግን ከደብዳቤው ጀርባ በእርሳስ ሂሳብ ሠራሁ፦
ለኔ በዓመት ሁለት መቶ አርባ ዶላር።
ቤትህ ሲካፈል ለመቶ አስራ ሁለት አባወራ፣
ይደርሰናል አንድ አንድ ሳንቃ፣ አንድ አንድ ሚስማር፣
ከአባትህም የእጅ ሥራ።
ይህን በስብሰባው ልናገር ተነሥቼ ነበር፤
ስለ ቱቦ ተናግሬ ተቀመጥኩ።

ዛፉ አልሞተም፤ ውሃው የተኛበት ወገን ዘንድሮ አብልጦ አፈራ።
አንድ ከረጢት ልኬልሃለሁ።
ቅርፊቱ ላይ ጭቃ አለ፤
አላጠብኩትም።